የጣት መልእክት ስንት ባይት ይመዝናል?

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንዲት የስልክ መጠገኛ ሱቅ ደጃፍ ቆመን ተራ እንጠብቅ ነበር። ከፊታችን የቆመው ወጣት ተማሪ መሆኑ በብብቱ ከያዘው ደብተር ይታወቃል፤ ስልኩን ለጠጋኙ እያሳየ ያማርራል። ነገሩ እንግዳ ነው። በአንድ ጣት ሲነካው ስልኩ ይታዘዛል፤ በሁለት ጣት ካርታ ሲያሰፋበትም ይታዘዛል። አራት አምስት ጣት ባንድነት ያረፈበት እንደ ሆነ ግን ያልተነካው ቦታ እንደ ተነካ ሆኖ ራሱን በራሱ ይከፍታል፥ ይዘጋል። «ለመሆኑ አራት ጣት ባንድ ጊዜ ለምን ያስፈልግሃል?» ብለን ብንጠይቀው ትንሽ አፈር ብሎ፥ «ለጨዋታ ነው» አለን።

ጠጋኙ በዕድሜ ከተማሪው ብዙም አይበልጥም፤ አነጋገሩ ግን የሽማግሌ ነው። «ወንድሜ፥ መስተዋቱን ባለፈው ሳምንት ቀይሬልሃለሁ። ዛሬም ብቀይረው ያው ነው፤ ችግሩ ከመስተዋቱ አይደለም» አለውና ስልኩን በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ «ፍላሽ» አደረገው። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አምስቱንም ጣት ያለ ማወላወል ተቀበለ፤ ተማሪውም ሒሳቡን ከፍሎ እየተደሰተ ሄደ።

አንዲት ብሎን ሳትፈታ፥ መስተዋቱም ከቦታው ሳይነሣ የተለወጠው ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ እስከ ቤታችን ድረስ ተከተለን። የተለወጠው በመስተዋቱና በስልኩ ዋና አእምሮ መካከል ቆሞ መልእክት የሚቀበለው የፕሮግራም ጽሑፍ ነው። ባለሙያዎች ድራይቨር ይሉታል። ስሙን ቃል በቃል ብንመልሰው ሾፌር ይሆን ነበር፤ ግብሩ ግን ከሾፌር ይልቅ የመሥሪያ ቤት ንብረት ተረካቢን ይመስላል። ዕቃ ከውጭ ይመጣለታል፤ ቆጥሮ ይረከባል፤ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል፤ ከዚያም ለሚመለከተው ክፍል ያስተላልፋል። ታዲያ በአንድ ጉዞ ሊመጣለት የሚችለው ጭነት ልክ አለው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ልክ ነው፤ ማን እንደ ወሰነው፥ ጭነቱም ከልኩ ያለፈ እንደ ሆነ ተረካቢው ምን እንደሚያደርግ እንመለከታለን።

ተች ስክሪን ብዙዎቻችን እንደምንገምተው የትናንት ፍጥረት አይደለም። ሚስተር ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በማልቨርን በነበረው የንጉሣዊ የራዳር ምርምር ተቋም ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚሁ መሣሪያ አጭር ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ያ መሣሪያ የሚያውቀው አንድ ጊዜ አንድ ንክኪ ብቻ ነው። ብዙ ጣት ባንድነት የሚለይ ስልክ በሰፊው ሕዝብ እጅ መግባት የጀመረው አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎንን ካወጣ ወዲህ ነው። የጣቱ ቁጥር ሲበዛ የመልእክቱ ክብደትም አብሮ በዛ፤ የኛም ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከመስተዋቱ ሥር ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መሥመሮች ተዘርግተዋል። ጣት ሲቀርባቸው በመሥመሮቹ መገናኛ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ክምችት በጥቂቱ ይለወጣል። ይህን ለውጥ የሚከታተል አንድ ትንሽ ቺፕ አለ፤ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ መስተዋቱን እየቃኘ ጣቱ የት እንዳለ ያሰላል። ልብ ማለት የሚገባው ነገር፥ ይህ ቺፕ ከስልኩ ዋና ቺፕ የተለየ መሆኑ ነው። የራሱ ፕሮግራም አለው፤ የራሱም ማስታወሻ አለው። ያሰላውን ለዋናው ቺፕ የሚልከው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሽቦ ነው። በአንደኛው መረጃው ያልፋል፤ ሁለተኛው እንደ ከበሮ ምት ጊዜውን ይመታል። ይህን የሁለት ሽቦ ዘዴ ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ሲሆን ስሙ አይ-ቱ-ሲ ይባላል። በመጀመሪያ ፍጥነቱ በሴኮንድ 100,000 ቢት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ 400,000 ከፍ አለ።

ይህን ዓምድ የሒሳብ ክፍል ልናደርገው አልተነሣንም፤ ዳሩ ግን አንዲት ቀላል ስሌት ካልሠራን ነገሩ አይገባም። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በሁለቱ ሽቦ ላይ ግን እያንዳንዱ ባይት ካለፈ በኋላ ተቀባዩ «ደርሶኛል» የሚልበት አንድ ተጨማሪ ቢት ስላለ 9 ይሆናል። ስለዚህ በ400,000ው ፍጥነት በሴኮንድ 44,000 ያህል ባይት ያልፋል ማለት ነው።

አሁን የጣትን መልእክት እንመዝን። ለምሳሌ ጉዲክስ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራቸውን የንክኪ ቺፖች እንውሰድ፤ ድራይቨራቸው በሊኑክስ ውስጥ በግልጽ ስለሚገኝ ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል። መልእክቱ የሚጀምረው በአንድ ባይት ነው። የዚህ ባይት የላይኛው ቢት «አዲስ መልእክት ተዘጋጅቷል» የሚል ምልክት ሲሆን፥ የታችኞቹ አራት ቢቶች ስንት ጣት እንዳረፈ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጣት 8 ባይት ይከተላል፤ አንዱ ባይት የጣቱ መለያ ቁጥር፥ ሁለቱ አግድም ቦታው፥ ሁለቱ ቁልቁል ቦታው፥ ሁለቱ የንክኪው ስፋት፥ የቀረው አንዱ ትርፍ ነው። እንግዲህ አሥር ጣት ያረፈ እንደ ሆነ 80 ባይት፥ ከመጀመሪያው ጋር 81 ባይት ይሆናል። በ400,000ው ፍጥነት ይህን ለማድረስ ከሁለት ሺሕኛ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። በ100,000ው ግን ከ7 ሺሕኛ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። መስተዋቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚናገር ከሆነ ለእያንዳንዱ ንግግር ያለው ጊዜ 10 ሺሕኛ ሴኮንድ ነውና፥ መንገዱ በአንድ መንገደኛ ብቻ ሊጣበብ ነው።

ሆኖም ትልቁ ችግር ፍጥነቱ አይደለም፤ በአንድ ጉዞ የሚጫነው ልክ ነው። እንግዳው ነገር፥ አይ-ቱ-ሲ ራሱ በጭነት ላይ ልክ አላደረገም። የሽቦው ሕግ እስከ ፈለጋችሁት ጫኑ ይላል። ልኩን ያመጡት ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው በዋናው ቺፕ ውስጥ ሽቦውን የሚያዝዘው ክፍል ነው። ይህ ክፍል «ስንት ባይት ላምጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚጽፍበት ጠባብ ቦታ አለው። ወጣት ሹማምንት የመሥሪያ ቤት ቅጽ ታውቃላችሁ፤ ለዕድሜ ሁለት ሣጥን ብቻ የተሠራበት ቅጽ የመቶ ዓመት ሽማግሌ ሲመጣ ይቸገራል። በቺፕም ውስጥ እንደዚሁ ነው። ሣጥኑ የ8 ቢት ከሆነ ሊጻፍበት የሚችለው ትልቁ ቁጥር 255 ነው። ድራይቨሩ 300 ባይት ፈልጎ በዚያ ሣጥን ውስጥ 300 ብሎ ቢጽፍ፥ ትርፉ ቢት ይቆረጥና የሚቀረው 44 ይሆናል። 300 የጠየቀ 44 ይመጣለታል። 299 የጠየቀ ደግሞ 43፤ ልክ 256 የጠየቀ ግን ዜሮ።

ከዚህም የጠበበ አለ። ሚዲያቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ኤም-ቲ 6577 የሚባል ቺፕ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በብዙ ርካሽ ስልኮች ውስጥ ገብቷል። ለዚሁ የቺፕ ቤተሰብ በተጻፈው የሊኑክስ ድራይቨር ላይ አንድ ገደብ ተመዝግቦ እናገኛለን። የንክኪ ቺፕ የሚነበበው ብዙውን ጊዜ በሁለት እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ «ከዚህ አድራሻ ጀምረህ ስጠኝ» ተብሎ ይጻፍለታል፥ ወዲያውም ይነበባል። በዚያ ቺፕ ላይ ሁለቱን እርምጃዎች በአንድ ጉዞ የፈጸመ እንደ ሆነ ሁለተኛው እርምጃ ከ31 ባይት ሊበልጥ አይችልም። 31 በአምስት ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው።

ሌላው ልክ የመጣው ከአይ-ቱ-ሲ ዘመድ ከኤስ-ኤም-ባስ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ይህ ደንብ በአንድ ጉዞ ከ32 ባይት በላይ እንዳይጫን አዘዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በሦስተኛው ቅጽ ላይ ወደ 255 ከፍ ተደረገ። ቢሆንም በ32 ልክ የተጻፈው ድራይቨር ብዙ ነው። የሊኑክስም የራሱ ገደብ አለው፤ የአንድ መልእክት ርዝመት በ16 ቢት ስለሚመዘገብ ከ65,535 ባይት አያልፍም፥ ተራ ፕሮግራም በሽቦው በኩል በቀጥታ ሊጽፍ የፈለገ እንደ ሆነ ደግሞ ከ8,192 ባይት በላይ አይፈቀድለትም። እንግዲህ ድራይቨር ጸሐፊው አንድ ጌታ ብቻ ያለው አይምሰላችሁ። ሦስት አራት ጌቶች አሉት፤ የሁሉም ትእዛዝ የተለያየ ነው፤ መታዘዝ ያለበትም ለጠባቡ ነው።

አሁን ወደ ተማሪው ስልክ የሚመስል ነገር እንመለስ። ልኩ 31 ባይት በሆነበት ቺፕ ላይ የአምስት ጣት መልእክት ይምጣ እንበል። አንዱ የመጀመሪያ ባይትና የአምስቱ ጣት 40 ባይት ተደምሮ 41 ነው። የሚደርሰው ግን 31 ብቻ ነው። ከ31ዱ አንዱ «አምስት ጣት አርፏል» ይላል። ቀጥሎ ያሉት 24 ባይት የሦስት ጣቶችን ወሬ ምሉዕ አድርገው ያመጣሉ። የቀሩት 6 ባይት የአራተኛውን ጣት መለያ፥ አግድምና ቁልቁል ቦታውን፥ ከስፋቱም እኩሌታውን ይዘው ይቆማሉ። የአምስተኛው ጣት ወሬ ጨርሶ አልደረሰም። ዳሩ ግን ድራይቨሩ አምስት ጣት እንዳለ ተነግሮታል። ያልደረሰውን ከየት ያመጣዋል? ዕቃ ለመቀበል ባዘጋጀው ማስታወሻ ውስጥ ካለፈው ጊዜ የቀረ ባይት አለ፤ እርሱን አንሥቶ አምስተኛ ጣት ብሎ ያስተላልፋል። ስልኩም ከአፍታ በፊት የተነሣውን ጣት አሁን እንዳረፈ አድርጎ ይቀበላል። ማንም ያልነካው ቦታ ይከፈታል። በየሰፈሩ የስልክ ሱቅ «ራሱን ይነካል» የሚባለው በሽታ ብዙ ምክንያት አለው፤ እርጥበትም፥ የተበላሸ ቻርጀርም ያመጣዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ይህ የቁጥር ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ዓይነቱን ደግሞ መስተዋት መቀየር አያድነውም።

ይህን በንብረት ክፍል ቋንቋ ብንናገረው፥ የጭነት ማስረጃው 41 ኩንታል ይላል፤ መኪናው ግን 31 ብቻ ነው የሚችለው። ሦስት ዓይነት ተረካቢ አለ። አንደኛው «ማስረጃና ጭነት አልተገናኘም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለተኛው መኪናውን ሁለት ጊዜ ያመላልሳል፤ 31፥ ከዚያም 10፤ ሲሞላ ይፈርማል። ሦስተኛው 31ዱን ያስገባና በሞዴል 19 ላይ 41 ብሎ ይፈርማል። ፋይሉ ያምራል፤ ድምሩ ይገጥማል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው በቆጠራ ጊዜ ነው። እኛ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ከሦስተኛው አብልጠን እናከብራለን፤ ምንም እንኳ በሩ ላይ የቆመው ሰው ቢቆጣ።

በሊኑክስ ዓለም ይኸው ጉዳይ ሥርዓት የያዘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የአይ-ቱ-ሲው ክፍል ኃላፊ ሚስተር ዎልፍራም ሳንግ፥ ሽቦውን የሚያዝዘው ክፍል ሁሉ ጉድለቱን አስቀድሞ የሚያስመዘግብበትን መንገድ አወጣ። የማንበቢያ ልኬ ይህ ነው፥ የመጻፊያ ልኬ ይህ ነው፥ ሁለቱን ባንድ ጉዞ ስፈጽም ልኬ ይህ ነው ብሎ ያሳውቃል። ከዚያ በኋላ ከልክ ያለፈ ጥያቄ የመጣ እንደ ሆነ ወደ ሽቦው ሳይደርስ ከበሩ ይመለሳል፤ በመዝገቡም ላይ መልእክቱ ረጅም መሆኑ ከነመጠኑ ይጻፋል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ክፍል በገዛ ራሱ ፈቃድ ነበር የሚያደርገው። ከላይ የጠቀስነው የሚዲያቴክ 31 ባይት የተመዘገበው በዚሁ መንገድ ነው። ኳልኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቀድሞ ቺፖቹ ላይ ያለው የ256 ባይት የማንበቢያ ልክም እንደዚሁ ተመዝግቦ ይገኛል።

መከልከል ብቻውን ግን ስልክ አያሠራም። ጥያቄው የተመለሰበት መስተዋት ሐሰት አይናገርም እንጂ ድዳ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ድራይቨር ጸሐፊ ሁለተኛውን ተረካቢ ይሆናል፤ ጭነቱን ከፋፍሎ ያመላልሳል። ሬይዲየም ለተባሉት የንክኪ ቺፖች የተጻፈው ድራይቨር በአንድ ጊዜ የሚያነበው ከ56 ባይት አይበልጥም፤ ቀሪ ካለ ይመለስበታል። አትሜል ለሚባሉት የተጻፈው ደግሞ የቺፑን ማስተካከያ በሙሉ ሲልክ በ255፥ በ255 ባይት እየቆረጠ ነው። የሲናፕቲክስ የላፕቶፕ መዳሰሻ ሰሌዳ ድራይቨር በኤስ-ኤም-ባስ የሚሄድ ስለ ሆነ በ32፥ በ32 ያመላልሳል። ጽሑፉ ከአሥር መሥመር የማይበልጥ ዙር ነው፤ ቀሪው ዜሮ እስኪሆን ድረስ ከቀሪውና ከልኩ አነስተኛውን ውሰድ ይላል። የዩኒቨርሲቲ ጊዜያችን ገና ሩቅ ባይሆንም፥ እንደዚህ ያለውን ዙር በፈተና ላይ ስንጽፍ ለምን እንደሚጠቅም የነገረን ሰው ትዝ አይለንም።

ከፋፍሎ ማመላለስም የራሱ አደጋ አለው። ተረካቢው የመጀመሪያውን 31 ባይት ወስዶ ለሁለተኛው ሲመለስ ጣቱ ከቦታው ሊነሣ ይችላል። ቺፑ በዚህ መሐል አዲስ ቃኝቶ የድሮውን ቢያጠፋው፥ ድራይቨሩ የሦስቱን ጣት ወሬ ከድሮው፥ የሁለቱን ከአዲሱ ወስዶ ያልነበረ እጅ ይሠራል። በጉዲክስ መልእክት የመጀመሪያ ባይት ላይ ያለው «ተዘጋጅቷል» የሚለው ምልክት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ድራይቨሩ ሁሉንም አንብቦ ሲያበቃ በዚያው አድራሻ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ ይኸውም «ተረክቤ ጨርሻለሁ፥ ቀጥል» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አንድ ጊዜ መፈረም የሚቻለው በዚህ ዓይነት ነው።

የጣት መልእክት ቢሳሳት የሚጎዳው ጨዋታ ነው ይባል ይሆናል። ነገሩ ከዚህ የሚከብድበት ጊዜ አለ። መስተዋት ያለው መሣሪያ ስልክ ብቻ አይደለም፤ የባንክ ገንዘብ መክፈያውም፥ የሆስፒታል መከታተያውም በንክኪ ይታዘዛል። የንክኪ ቺፑ በውስጡ ያለው ፕሮግራም፥ ፈርምዌር የሚባለው፥ የሚታደሰውም በእነዚያው ሁለት ሽቦዎች በኩል ነው፤ ይህም በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ባይት ሊሆን ስለሚችል በምንም ዓይነት በአንድ ጉዞ አይሄድም። የአትሜል ድራይቨር ይህን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ደስ ያሰኛል። ፋይሉ አስቀድሞ በክፍል በክፍል ተቆርጧል፤ የእያንዳንዱ ክፍል የመጀመሪያ ሁለት ባይት ርዝመቱን ይናገራል። ድራይቨሩ አንድ ክፍል ልኮ ይቆማል። ቺፑ ድምሩን አስልቶ ትክክል ከሆነ «አልፏል» ይላል፤ ስሕተት ካገኘበት ይመልሰዋል። የተመለሰውን ክፍል ድራይቨሩ ትንሽ ጠብቆ ደግሞ ይልካል፤ እንደገና ቢመለስ ካለፈው ጥቂት ረዘም አድርጎ ጠብቆ ይልካል። ከ20 ጊዜ በላይ የተመለሰበት እንደ ሆነ ግን ሥራውን አቁሞ ስሕተቱን ያስታውቃል። በመሐል የቀረ ቺፕ አዲሱን ፕሮግራም ሳይሆን መነሻ ፕሮግራሙን ብቻ ይዞ ይጠብቃል፤ ዕድሳቱ እስኪፈጸም ድረስም መስተዋቱ ለጣት አይመልስም። አንድ ክፍል ደረሰ ሳይባል ሁለተኛው ቢከተል ኖሮ፥ ጉድለቱ ከየትኛው ክፍል እንደ ጀመረ እንኳ ማወቅ ባልተቻለ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ጭነቱ ከመኪናው በላይ ስለሚሆንበት ጊዜ ነው። ጭነቱ ከግምጃ ቤቱ በላይ ቢሆንስ? ይህ የባሰ ነው። ድራይቨሩ የሚመጣለትን ባይት የሚያኖርበት ማስታወሻ አስቀድሞ የተለካ ነው። የሚመጣውን ርዝመት የሚናገረው ግን ራሱ ላኪው ቺፕ ነው። የጉዲክስን የመጀመሪያ ባይት እናስታውስ፤ የጣትን ቁጥር የሚናገሩት አራት ቢቶች ናቸው ብለናል። በአራት ቢት እስከ 15 ይቆጠራል። የሰው ልጅ ጣት አሥር ነው፤ የድራይቨሩም ማስታወሻ የተለካው ለአሥር ነው። ቺፑ በኤሌክትሪክ ረብሻ ደንግጦ «15 ጣት አርፏል» ያለ ዕለት፥ ተረካቢው አምኖ ቢቀበል ትርፉ የሌላውን ማስታወሻ ይደፋበታል። ስለዚህ ድራይቨሩ ቁጥሩን ካነበበ በኋላ ወዲያው ከተፈቀደው ከፍተኛ ቁጥር ጋር ያስተያየዋል፤ ከበለጠ ስሕተት ብሎ ይመልሰዋል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ደንብም ተመሳሳይ ነገር አለ። በዚያ ደንብ የሚሠሩ መስተዋቶች የማንኛውም መልእክታቸው የመጀመሪያ ሁለት ባይት የመልእክቱን ርዝመት ይናገራል። ሁለት ባይት እስከ 65,535 ሊናገር ይችላል፤ መሣሪያው ግን ከሁሉ አስቀድሞ «ከዚህ የሚበልጥ መልእክት አልክም» ብሎ የከፍተኛ ልኩን አስመዝግቧል። የሊኑክሱ ድራይቨር የሚያነበው በተመዘገበው ልክ ብቻ ነው፤ የተነገረው ርዝመት ከዚያ ከበለጠ መልእክቱን ጎዶሎ ብሎ ይጥለዋል። ሰውዬው ትናንት በቃለ ጉባኤ ያስመዘገበውንና ዛሬ በአፉ የሚናገረውን ማስተያየት ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚስተር ኬስ ኩክ የተባለ የጉግል መሐንዲስ ይህን የመሣሪያ ቤተሰብ የሚያስተናግዱትን የሊኑክስ ድራይቨሮች ሲመረምር 12 ያህል ጉድለቶችን አግኝቶ አስታወቀ። ከእነርሱ አንዱ በብዙ ጣት የሚሠሩ መስተዋቶችን የሚያስተናግደው ድራይቨር ነበር። ጉድለቱም፥ መሣሪያው የሚናገረውን ቁጥር ሳያመዛዝን ለማስታወሻው መቁጠሪያ ማድረጉ ነው። ተንኮለኛ ሰው ሐሰተኛ መሣሪያ ሠርቶ በገመድ ቢሰካ፥ መሣሪያው በሚናገረው ሐሰተኛ ቁጥር የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ ሊያበላሸው ይችል ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች፥ «ከገዛ ራሱ ሳጥን ውስጥ ያለ ቺፕ እንዴት ይዋሻል?» ብለው የኖሩ ይመስለናል። ይኸው በሽታ ከንክኪ ዓለም ውጭ ምን ያህል ጥፋት እንዳደረሰ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት፥ እ.ኤ.አ. በ2014፥ ሃርትብሊድ የተባለው ጉድለት ሲገለጥ ታይቷል። በዚያን ጊዜ ጠያቂው ጥቂት ባይት ልኮ «64 ሺሕ ያህል ልኬልሃለሁና መልስልኝ» ሲል፥ ሰርቨሩ ሳይቆጥር ከገዛ ማስታወሻው እየሞላ፥ ምሥጢሩን ሳይቀር ይመልስለት ነበር።

የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማር አንባቢያችን ይህን ሁሉ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። የሊኑክስ ጽሑፍ ለማንም የተከፈተ ነው፤ የአንድሮይድ ስልኮችም በዚሁ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የንክኪ መስተዋት ድራይቨሮች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ይገኛሉ። አንዱን ከፍቶ ሦስት ነገር ይፈልግ፤ ስንት ባይት ይጠይቃል? ስንት እንደ ደረሰለት ይመለከታል? ላኪው የነገረውንስ ቁጥር ከምን ጋር ያስተያያል? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በአንድ መሥመር ይመለሳል፤ ያ መሥመር የጠፋበት ድራይቨር ደግሞ ብዙ ዓመት ያለ ነቀፋ ሊሠራ ይችላል፥ አራተኛው ጣት እስኪያርፍ ድረስ።

ወደ ሱቁ እንመለስና፥ ተማሪው ከሄደ በኋላ የኛ ተራ ደረሰ። የኛ ስልክ ችግሩ ቀላል ነበር፤ መስተዋቱ ተሰንጥቆ ስለ ነበር ጠጋኙ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቀየረው። ከመመለሱ በፊት ግን መዳፉን ዘረጋና አምስቱን ጣቶች በመስተዋቱ ላይ ባንድነት አሳረፋቸው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞራቸው፤ አምስት ነጥቦች አብረው ሲዞሩ ተመለከተ። 41 ባይት መሆኑ ነው። «ሙሉ ነው» ብሎ ሰጠን።